ከትልቁ ዲስክ ወደ ትንሹ፦ ኮምፒውተር ሲታደስ የሒሳብ መዝገብ እንዳይጠፋ

በከተማችን በካልጋሪ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም የጽዳት ሥራ ያላቸው፣ እንዲሁም ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ሒሳባቸውን የሚይዙበት ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ነው። ጠዋት ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ርካሹ መፍትሔ በውስጡ ያለውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው፣ የሚሽከረከር አካል በሌለው ዲስክ መተካት ነው። ችግር የሚመጣው አሮጌው ዲስክ 1 ቴራባይት ሆኖ፣ በዋጋው ቅናሽ የተገዛው አዲሱ ደግሞ 250 ጊጋባይት ሲሆን ነው። ኮምፒውተሩ «ቦታ አይበቃም» ይላል፤ ባለቤቱም ቦታ ለማግኘት የቆዩትን ዓመታት መዝገቦች መደምሰስ ይጀምራል። ይህ መደምሰስ አስፈላጊ አይደለም፤ ከዚያም በላይ በሕግ ያስጠይቃል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የካናዳ ገቢ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ሲ አር ኤ የምንለው፣ የንግድ መዝገብና ደረሰኝ ከሚመለከተው የመጨረሻ የግብር ዓመት ማብቂያ ጀምሮ 6 ዓመት እንዲቀመጥ ያዝዛል። የ2020 መዝገብ እስከ 2026 ማብቂያ ይቆያል ማለት ነው። ግብሩን ዘግይቶ ያስታወቀ ሰው ደግሞ ስድስቱ ዓመት የሚቆጠርበት ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ሥራውን በኩባንያ ያቋቋመ ሰው ጄኔራል ሌጀሩንና ቃለ ጉባዔዎቹን ኩባንያው ከፈረሰ በኋላም ለ2 ዓመት መያዝ አለበት። ከጊዜው በፊት ማጥፋት የሚፈልግ ፈቃድ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ሁሉንም አትሜ በካርቶን አስቀምጫለሁና ከኮምፒውተሩ ቢጠፋ ምን ቸገረኝ» ይላል። አይሆንም። በኮምፒውተር የተያዘ መዝገብ በወረቀት ታትሞ ቢገኝም እንኳ በኮምፒውተር ሊነበብ በሚችል መልክ መቆየት አለበት። መዝገቡም እዚሁ ካናዳ ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ያለ ፈቃድ አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቢቀመጥ፣ ከዚህ ሆነው በኢንተርኔት ሊያዩት ቢችሉም በካናዳ እንዳለ አይቆጠርም። በተለይ የታክሲ ነጂ ገቢው ከ30,000 ዶላር ቢያንስም በጂ ኤስ ቲ የመመዝገብ ግዴታ ስላለበት፣ የነዳጅና የጥገና ወጪው መዝገብ ቢጠፋ የከፈለውን ጂ ኤስ ቲ መልሶ ለመጠየቅ ማስረጃ ያጣል። ለዜግነት የሚያመለክቱም ቢሆኑ በ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ካናዳ ውስጥ መገኘታቸውን ሲያስቆጥሩ፣ የፓስፖርታቸውና የጉዟቸው ቅጂ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚሁ አሮጌ ዲስክ ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን አዲስ ዊንዶውስ አስጭኜ ፋይሎቹን ብቻ አልገለብጥም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ፋይሉ ቢገለበጥም የሚከፍተው ፕሮግራም ላይኖር ይችላል። ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው የቀድሞው ሲምፕሊ አካውንቲንግ አሮጌ ቅጂ ያለው ሰው፣ የመጫኛውን ዲስክና ቁጥሩን ዛሬ ከየት ያመጣል? የአማርኛውም ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቁጥር ይጽፉ ነበር። የቆየ የዕቁብ መዝገብ ወይም የዕድር ደብዳቤ የተጻፈበት ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ፣ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ጥርቅም ነው። ስለሆነም ሲስተሙን ከነፕሮግራሙ፣ ከነፊደሉ፣ ከነመዝገቡ እንዳለ ማዛወር ይመረጣል። ይህ እንዳለ የተቀዳው ሙሉ ቅጂ ሲስተም ኢሜጅ ይባላል።

ትንሹ ዲስክ ለምን እምቢ ይላል?

1 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠው ዲስክ በዊንዶውስ ሲታይ 931 ጊጋባይት ነው፤ 250 የተባለው ደግሞ 232 ነው። ነጋዴው አጭበርብሮ አይደለም፤ ፋብሪካው በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ከ931ዱ ውስጥ ስንቱ ተይዟል የሚለው ነው። ለምሳሌ የተያዘው 140 ቢሆን በ232 ውስጥ በደንብ ይገባል። ከ180 በላይ እንዲሞላ ግን አልመክርም፤ ጢም ብሎ የሞላ ኤስ ኤስ ዲ ይዘገያል፣ ለመጪው ዓመት መዝገብም ቦታ ይጠፋል።

ይሁንና ኢሜጁ የሚያስታውሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የቦታውን ካርታ ጭምር ነው። ዲስኩን አጥር እንደ ተከፋፈለ ግቢ ይቁጠሩት። በመግቢያው ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ ትንሽ ክፍል አለ፤ ቀጥሎ ሲ የሚባለው ሰፊው ክፍል ይመጣል፤ ከዚያ በስተ ጓሮ፣ ከሲ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሪከቨሪ የሚባል ትንሽ ክፍል ይገኛል። የዊንዶውስ የራሱ ኢሜጅ መመለሻ አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ካነሰ አልቀበልም ይላል፤ ግቢው ባዶ ሜዳ ቢሆንም ግድ የለውም።

አጥሩን ማጥበብ የሚቻለው ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው ውስጥ ሽሪንክ በሚለው ትእዛዝ ነው። እዚህ ሌላ እንቅፋት ይገጥማል፦ 700 ጊጋባይት ባዶ እያለ «ከ400 በላይ መቀነስ አይቻልም» ሊል ይችላል። ምክንያቱ በሜዳው መካከል ከቦታቸው የማይነቃነቁ ፋይሎች መኖራቸው ነው። እነዚህም ኮምፒውተሩ ሲያንቀላፋ የሚጠቀምበት የሃይበርኔሽን ፋይል፣ የማስታወሻው ማገዣ የሆነው ፔጅ ፋይልና ሪስቶር ፖይንት የሚባሉት የቀድሞ ሁኔታ ቅጂዎች ናቸው። ሦስቱን ለጊዜው አጥፍቶ፣ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ እንደገና መሞከር ነው። ያም ሆኖ ሪከቨሪ የተባለው ክፍል አሁንም ከጓሮ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሲ ብቻ ጠቦ እሱ ወደ ፊት ካልተጎተተ የግቢው ርዝመት አልተለወጠም ማለት ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው።

ይህን በእጅ መሥራት የሚችል ሰው ጂፓርትድና ክሎንዚላ የተባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች መጠቀም ይችላል፤ ክሎንዚላ ግን አጥሩ አስቀድሞ ካልጠበበለትና የዲስኩን መጠን አትመርምር ካልተባለ ትንሹን ዲስክ አይቀበልም። ለሌላው ሰው የምመክረው የዲስኩ ፋብሪካ የሚሰጠውን ማዛወሪያ ነው። ሳምሰንግ ለራሱ ዲስኮች ብቻ የሚሠራ አለው፤ ክሩሻልም የአክሮኒስን ፕሮግራም ይሰጣል። ዕቃው የሚገባ ከሆነ አጥሩን እነሱው ያጠብባሉ። ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረው የማክሪየም ነፃ ቅጂ በጥር 2024 ድጋፉ ስለተቋረጠ፣ ከማይታወቅ ቦታ አውርደው የሒሳብ ኮምፒውተር ላይ አይጫኑት።

ከማዛወር በፊትና በኋላ

ከሁሉ በፊት የሒሳብ ፋይሎቹን በሌላ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ዓመት ትሪያል ባላንስ ያትሙ። ቦታ ማስለቀቅ ካስፈለገም የሚነሣው ሙዚቃው፣ የሠርግ ቪዲዮውና ዳውንሎድ የሚባለው ማጠራቀሚያ ነው፤ እነዚህን ወደ ውጫዊው ዲስክ ማዛወር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ሳያውቁት ሊቆለፍ ይችላል፣ ቁልፉም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በማይክሮሶፍት ሒሳብዎ ውስጥ ነው። ቁልፉን በወረቀት ጽፈው ከያዙ በኋላ መቆለፊያውን ያቁሙት።

በማዛወሩ ሰዓት ትልቁ አደጋ ምንጭና መድረሻን ማገላበጥ ነው። ባዶው ዲስክ ምንጭ ተብሎ ከተመረጠ መዝገብዎ በባዶነት ይተካል፤ የሚመልሰውም የለም። በሁለቱም ዲስኮች ላይ ወረቀት ለጥፈው ሴሪያል ቁጥራቸውን ይጻፉ፤ ፕሮግራሙ ላይ የሚታየውንም ከዚያ ጋር ያስተያዩ። ለኮምፒውተር ቤት ከሰጡ ደግሞ አሮጌው ዲስክ ሳይነካ እንዲመለስልዎ በጽሑፍ ያስፈርሙ። በክረምት ከመኪና የገባ ኮምፒውተር ወዲያው አይከፈት፤ ከዜሮ በታች 25 ቆይቶ ሞቃት ቤት ሲገባ በውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ሥራው ሲያልቅ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ኮምፒውተሩ በአዲሱ ብቻ ይነሣ። ዊንዶውሱ ተከፈተ ማለት ግን መዝገቡ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ከሁሉ የቆየውን ዓመት ከፍተው ትሪያል ባላንሱን ካተሙት ጋር ያመሳክሩ፤ አንድ የቆየ የአማርኛ ደብዳቤም ከፍተው ይዩ። አዲስ ዲስክ አሮጌ ኮምፒውተርን ያፈጥነዋል እንጂ አያድሰውም፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ዲስክ ቢቀየርላቸው እንኳ ለዊንዶውስ 11 የሚጠየቀውን አያሟሉም። እንዲህ ያለውን ከኢንተርኔት አላቅቆ የቆዩ መዝገቦች ማንበቢያ ብቻ ማድረግ ይቻላል።

አሮጌውን ዲስክ አይደምስሱት፣ አይሽጡትም፤ የሠራተኞችዎ የሶሻል ኢንሹራንስ ቁጥር ጭምር አለበት። ስድስቱ ዓመት እስኪያልፍ ቀኑን ጽፈው ከደረሰኞቹ ጋር ይቆልፉበት። ጊዜው ሲደርስ በሚገባ አስደምስሰው በኢስት ካልጋሪ፣ በሼፐርድ ወይም በስፓይሂል ለሚገኘው የከተማው ማስወገጃ ያስረክቡ። የአዲሱን ዲስክ ደረሰኝም ይያዙ፤ በጂ ኤስ ቲ የተመዘገቡ ከሆነ ለንግዱ ሥራ በዋለው መጠን የከፈሉት 5 በመቶ ተመላሽ ይጠየቅበታል።