ሦስተኛው ሰው ከስክሪኑ ወዲያ ነው

 

የዛሬው ርዕስ የሚጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። ሦስት ሆነን የኦንላይን ደርስ እናዘጋጃለን። ሁለታችን አዲስ አበባ ነን፤ ሦስተኛው ወንድማችን ደሴ ሆኖ በዙም ይገባል። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሁለታችን ሻይ እየጠጣን፣ ወሬ ወሬን እያመጣው፣ የወሩን ፕሮግራም ቀየርነው። ክፋት አልነበረንም። ግን ለእሱ የነገረው የለም። ሦስት ሌሊት የደከመበት ደርስ መቅረቱን ያወቀው ፖስተሩን ቴሌግራም ላይ ሲያይ ነው። «ኸይር ኢንሻአላህ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው ማይኩን የሚከፍተው ሰላምታ ለመመለስ ብቻ ሆነ።

ከእናንተም መሀል የሳምንቱን ግማሽ ቢሮ፣ ግማሹን ከቤት የምትሠሩ፣ ወይም አለቃችሁን በአካል አይታችሁት የማታውቁ ብዙ አላችሁ። ስለዚህ ነገሩ የኔ ብቻ አይመስለኝም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ሰዎች አብረው ሳሉ ሁለቱ ሦስተኛውን ትተው እንዳይንሾካሾኩ ከልክለዋል። ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ምክንያቱን ልብ በሉ፦ ሰውየውን ስለሚያሳዝነው ነው። ክልከላው ሁለቱ ስለ እሱ ክፉ ካወሩ ብቻ ነው አልተባለም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሊያወሩ ይችላሉ። እሱ ግን አይሰማም፤ ያልሰማውን ልቡ ይሞላዋል፣ ሸይጧንም ያግዘዋል። ኢማሙ ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ላይ ሦስተኛው በማያውቀው ቋንቋ ማውራትንም በዚሁ ትርጉም ውስጥ አስገብተውታል። እንግዲህ ነገሩ ጆሮ ስር ከማንሾካሾክ ይሰፋል ማለት ነው።

አሁን ስብሰባችሁን አስቡት። አራት ሰው ቢሮ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል፣ አንዷ እህት ከቤቷ ገብታለች። አንዱ ከማይኩ ራቅ ብሎ ቀልድ ይናገራል፣ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ እሷ የምታየው የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ነው። ስብሰባው ያልቃል፣ ላፕቶፑ ይዘጋል፣ ዋናው ውሳኔ ግን ወደ ምሳ ሲኬድ ደረጃው ላይ ይወሰናል። ማንም አልበደላትም፤ እሷ ግን ሦስተኛዋ ሰው ሆናለች።

ይህ ማለት ለብቻ ማውራት ሁሉ ሐራም ነው ማለት አይደለም። ፈቃድ ሲኖር ወይም ሐጃ ሲኖር ዑለሞች ለይተውታል። የሰውን ስህተት ለብቻው ማረም ደግሞ በግሩፕ ከማሳፈር ይሻላል። ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ የዘገቡትን የኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ) ነገር በጣም እወደዋለሁ። ከዐብደላህ ኢብኑ ዲናር ጋር ሆነው ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ኢብኑ ዑመርን ለብቻ ማናገር ፈለገ። ኢብኑ ዑመር ሌላ ሰው ጠሩና አራት አደረጓቸው፤ ከዚያ ሁለቱን ትንሽ ገለል በሉ አሏቸው። ምስጢሩም ተጠበቀ፣ ብቻውን የቀረም የለም። በኛ ሥራ ይህ ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር መጻፍ ነው፦ «ከእገሌ ጋር ስለዚህ ጉዳይ አውርተናል፤ ገና አልተወሰነም፤ አንተስ ምን ትላለህ?»

ሌላው፣ በሌለበት ስለሚነሳው ሰው ነው። «እሱማ ቤቱ ተኝቶ ነው» የሚለውን ሰምታችኋል። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ተቡክ ላይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዕብ ኢብኑ ማሊክ የት እንደቀረ ጠየቁ። አንድ ሰው ልብሱና ራሱን ማድነቁ አስቀረው አለ። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ግን መጥፎ ንግግር ነው ብለው መለሱለት፤ ከከዕብ ከመልካም በስተቀር እንደማያውቁም ተናገሩ። የሚገርመው ከዕብ በእርግጥ ምክንያት አልነበራቸውም! ሙዓዝ ይህን አያውቁም፤ የሚያውቁትን መሠከሩ። መብራት የጠፋበትና የተኛው ከቢሮ ሲታዩ አንድ ናቸውና፣ እስክትጠይቁ ድረስ የሙዓዝን ቃል ያዙ።

ከቤት የምንሠራውም ከከዕብ የምንወስደው አለን። ሌሎች እየማሉ ሰበብ ሲደረድሩ እሳቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቀርበው ምክንያት የለኝም አሉ። እስከ ዙህር ተኝተን «ኔትወርክ አልነበረም» የምንለው ስንቶቻችን ነን? ደሞዙ የአማና ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የራሱ ጥፋት ይበቃዋል፤ የኛን አንጨምርበት።

ወደ ደሴው ወንድሜ ልመለስ። መልእክት መላክ ስላፈርኩበት ደወልኩለትና ዐፍው በለኝ አልኩት። «ደርሱ መቅረቱ አይደለም» አለኝ። «ፖስተሩን ሳይ፣ የማላውቀው ሌላም ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ነው የከፋኝ።» ሐዲሡን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያኔ ነው።

አሁን ሁለታችን አንድ ክፍል ብንሆንም ስብሰባ የምንገባው በየራሳችን ስልክ ነው፣ ሦስታችንም እኩል ትንሽ ሳጥን እንድንሆን። ድምፁ እያስተጋባ ስለሚያስቸግር አንዳችን በረንዳ ላይ እንወጣለን። ባለፈው ተራው የኔ ነበር፤ ዝናብ ላይ ቆሜ ሳወራ የደሴው ወንድሜ ማይኩን ከፍቶ ሲስቅ ሰማሁት።