ስለ ራስ ቁር አመራረጥ

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ መሆኗን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ምድሯ ሜዳ፣ ጎዳናዋ ሰፊና በዘንባባ የተዋበ ስለ ሆነ ብስክሌት ሳይነዳ ያደገ የከተማችን ልጅ ጥቂት ነው። ከብስክሌቱ ጋር ደግሞ ሞተር ብስክሌት አለ፤ ይልቁንም ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወጡ የግብርናና የጤና ሠራተኞች ያለ ሞተር የመስክ ሥራቸው አይቃናላቸውም። እነዚህ ሁሉ በአንድ አስፋልት ላይ ከባጃጁ፣ ከጭነት መኪናውና ከእግረኛው ጋር ይጋፋሉ። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን ተረት አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ሞተረኛ ቃል በቃል የተረጎመው ይመስል ከራሱ በላይ ነፋስ ብቻ ይዞ ይከንፋል።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን የራስ ቁር፣ በተለምዶ ሄልሜት የምንለው፣ ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለውን ክርክር አይደለም። ሞተረኛ ሄልሜት እንዲያደርግ የአገራችን የትራፊክ ደንብ ያዝዛል። ጥቅሙም ቢሆን ተመርምሮ ታውቋል፤ በ2008 የወጣ፣ 61 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ እንዳመለከተው ቁር ማድረግ የሞተረኛን የመሞት አደጋ በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ ይቀንሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የቀረው ጥያቄ ከገበያ ላይ ከተደረደሩት ቁሮች መካከል ራስን የሚያድነው የትኛው ነው የሚለው ነው። ደንቡ አድርጉ ይላል እንጂ ገበያ ወርዶ አይመርጥልንም።

ነገሩን ከታሪኩ ብንጀምር ይሻላል። ለሞተር ውድድር የሚሆን ቁር መጀመሪያ በብዛት የታየው በእንግላንድ ነው። ብሩክላንድስ በተባለው የውድድር ሜዳ ያገለግል የነበረ ኤሪክ ጋርድነር የተባለ ሐኪም፣ ራሳቸውን ተመትተው የሚመጡት ተወዳዳሪዎች ቢበዙበት፣ በማጣበቂያ ሙጫ ከደረቀ ሸራ ቁር አሠራ። በ1914 በማን ደሴት ላይ በተደረገው ውድድር ተወዳዳሪዎች ሁሉ ይህንኑ እንዲያደርጉ ተገደዱ። ከውድድር ሜዳ ውጭ ግን ማንም ልብ ያለው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በግንቦት ወር 1935፣ በዐረብ ምድር ጦርነት ስሙ የገነነው ቲ. ኢ. ሎውረንስ በሞተር ብስክሌቱ ሲጋልብ፣ መንገዱ ዝቅ በሚልበት ቦታ ሁለት ልጆች በብስክሌት ሲሄዱ በድንገት አየና እነርሱን ለማዳን ሲታጠፍ ወደቀ። ራሱን ስለ ተጎዳ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሞተርና ብስክሌት በአንድ መንገድ ላይ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ሁኔታ ለእኛ ከተማ እንግዳ አይደለም። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ጥገና ባለሙያ ነበር። ኬርንስ ነገሩን በልቡ ይዞ ቆይቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መልእክት የሚያደርሱ ወታደሮች በሞተር እየወደቁ ሲያልቁ ጉዳታቸውን መረመረና በ1941 ጥናቱን አሳተመ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሁሉ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ተመሳሳይ ሕግ የወጣው ግን በ1973 ነው። ወታደሩ የተማረውን ነገር ሲቪሉ እስኪቀበለው 32 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ብዙ ሰው ቁር የሚያድነው ጠንካራ ስለ ሆነ ይመስለዋል። ታላቅ ወንድሜ በግብርና ሥራ ተቀጥሮ ሞተር በተሰጠው ጊዜ፣ እናታችን «ከወንድምህ ጋር ሂድና እይለት፤ እሱ እንደሆነ ቀለሙን አይቶ ነው የሚገዛው» ብላ ላከችኝ። አንዱ ነጋዴ አንድ የሚያብረቀርቅ ቀይ ቁር አንሥቶ ጠረጴዛውን በኃይል መታበትና «ይኸው! ድንጋይ ቢወርድበት አይበገርም» አለን። እውነቱን ነው፤ ቁሩ አልተበገረም። ነገር ግን ውስጡን ገልብጬ በአውራ ጣቴ ብጫነው ከስስ ስፖንጅ በቀር ምንም አልነበረበትም፤ ጣቴ ወዲያው ከቅርፊቱ ጋር ተገናኘ።

ይህ ለምን ክፉ እንደ ሆነ ፊዚክስ ያስረዳናል። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱ ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ከፍ ይላል እንበል። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ራስ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.6 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ፍጥነት አስፋልቱ በቅጽበት ወደ ዜሮ ያወርደዋል። የሚቆምበት ርቀት ባጠረ ቁጥር ምቱ ይበረታል፤ ሒሳቡም ቀላል ነው፣ የወደቀበትን ከፍታ ለቆመበት ርቀት ማካፈል ነው። ባዶ ራስ ቆዳውና አጥንቱ 5 ሚሊ ሜትር ቢሰጡ፣ 1.6 ሜትርን ለ0.005 ስናካፍል 320 ይመጣል፤ ይህም ማለት ራሱ በአማካይ የምድርን ስበት 320 ጊዜ በሚያህል ኃይል ተመታ ማለት ነው። በቁሩ ውስጥ ያለው ፎም 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢጨፈለቅለት ግን 1.6 ለ0.025 ተካፍሎ 64 ብቻ ይሆናል። በሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ምቱ በአምስት እጅ ቀነሰ። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንደ ለስላሳ ነገር የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ቅሉ ባይሰበር እንኳ በድንገት መቆሙ ብቻ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ እነዚያ ሁለት ሴንቲ ሜትሮች እንደ ቀላል የሚታዩ አይደሉም።

እንግዲህ ራስን የሚያድነው ቅርፊቱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ነጭ ፎም ነው፤ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ የሚታሸግበትን ዓይነት፣ ነገር ግን ጠበቅ ያለ። ይህን ፎም በቁር ውስጥ የማድረግ ሐሳብ በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተመዘገበው በ1953 በሎምባርድ ስም ነው። ታንኳ የሚሠራበትን የጣናን ደንገል ሰብሮ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ የደንገል ውስጡ ነጭ፣ ቀላልና አየር የሞላበት ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ ተመልሶም አይነሣም። ፎሙም እንዲሁ ነው። ተጨፍልቆ በዚያው መቅረቱ ነው ሥራው። ስፖንጅ ግን ወዲያው ተጨፍልቆ ያልቅና ተመልሶ ይነሣል፤ እርሱ ለምቾት እንጂ ለማዳን አልተሠራም። ቅርፊቱ ደግሞ የራሱ አገልግሎት አለው፤ ስል ነገር እንዳይወጋ ይከላከላል፣ ምቱን በፎሙ ላይ ያሰፋዋል፣ በአስፋልት ላይም ይንሸራተታል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ በሦስት እንቁላልና በሦስት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሊሞክረው ይችላል፤ እኛ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሞክረነዋል። አንዱን እንቁላል በባዶ ጣሳ፣ ሁለተኛውን በልኩ በተፈለፈለ ፎም መካከል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ፎም ባለበት ነገር ግን ወዲያና ወዲህ እንዲጫወት በሰፋ ቦታ አድርገን ከ2 ሜትር ከፍታ ለቀቅናቸው። ጣሳዎቹ ሦስቱም ደኅና ነበሩ። እንቁላሉ የተረፈው ግን የሁለተኛው ብቻ ነው። የሦስተኛው መሰበር ለብዙዎቻችን ያልተጠበቀ ነበር።

ይህ ወደ ልክ ነገር ያመጣናል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ሳኦል የናስ ቁሩን በዳዊት ራስ ላይ እንደ ደፋለት፣ ዳዊትም ስላልለመደው ሁሉን አውልቆ እንደ ሄደ ተጽፏል። የሰው ቁር ለሰው አይሆንም። የራስን ልክ ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ ከፍ አድርጎ በግንባርና በማጅራት ዙሪያ ማዞር ነው፤ በቁሩ ውስጥ የተጻፈው የሴንቲ ሜትር ቁጥር ከዚህ ጋር መስማማት አለበት። አዲስ ቁር ጉንጭን ጫን ሊል ይገባዋል። አድርጎት ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወዛውዙ ቁሩ ለብቻው ከቀረና ራስ ለብቻው ከዞረ ሰፍቷል። ዋናው ፈተና ግን ይህ ነው፤ ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ ሌላ ሰው ከማጅራት በኩል ጠርዙን ይዞ ወደ ላይና ወደ ፊት ይሳበው፤ ከራስ ላይ ከወለቀ በአደጋ ቀንም ይወልቃል። ሹሩባ የምትሠራ እኅታችን ደግሞ ሹሩባዋን እንደ ተሠራች ብትለካ ይሻላታል፤ ፀጉሯን በፈታችበት ቀን የለካችው አይገባላትምና። ማሰሪያው ከአገጭ በታች ሁለት ጣት ከሚያስገባ በላይ መላላት የለበትም። ሳይታሰር የተደፋ ቁር ከሰውየው ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

ስለ ምልክቶቹም ጥቂት ልበል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት የተመረመረ ቁር በማሰሪያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ አለው፤ በጨርቁ ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የተባለችው የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር ይታያሉ። ቁጥሩ ያጸደቀውን አገር ያመለክታል፤ ለምሳሌ 1 ጀርመን፣ 3 ኢጣልያ ነው። ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ2021 ሥራ ላይ በዋለው በአዲሱ በ06 ይጀምራል። በ05 ደንብ ቁሩ በሰከንድ 7.5 ሜትር ፍጥነት ከብረት ጋር ሲጋጭ በውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ ራስ ከ275 የስበት እጥፍ በላይ እንዳይመታ ይጠየቃል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የላቲኑ «ፒ» ቢኖር አገጭን ጭምር ያድናል፤ «ኤን ፒ» ቢሆን የአገጩ መከለያ ለነፋስ ብቻ ነው፤ «ጄ» ከሆነ አገጭን አይሸፍንም። ሲወድቁ ብዙ ጊዜ ፊትና አገጭ ስለሚመታ፣ አቅም ለፈቀደ ሰው ፊትን የሚሸፍነው ይመረጣል። ከኋላ የሚለጠፈው «ዶት» የሚባለው የአሜሪካ ምልክት ግን አምራቹ ራሱ መርምሬአለሁ ብሎ የሚለጥፈው ነው፤ ተለጣፊውን ደግሞ ማንም ያሳትመዋል። ስለዚህ ምልክቱን ከማመን በፊት ፎሙን መዳሰስ፣ ቁሩንም በእጅ መመዘን ይበጃል። ደኅና ቁር ብዙውን ጊዜ 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ፎሙም 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል።

ዘመድ ከውጭ አገር ቁር የሚልክለት ሰውም አለ። በዚያ አገር በተዘጋ የውድድር ሜዳ ላይ የራሳቸውን መኪና ወይም ሞተር ይዘው በክፍያ የሚነዱ ሰዎች ስላሉ፣ ከእነርሱ የተላለፈ ቁር እጃችን ሊገባ ይችላል። በ1956 በመኪና ውድድር ራሱን ተመትቶ በሞተው በፒት ስኔል መታሰቢያ በ1957 የተቋቋመው የስኔል ድርጅት የመኪናውንና የሞተሩን ቁር ለይቶ ይመረምራል። «ኤስ ኤ» የተባለው ለመኪና ውድድር ነው፤ እሳት እንዲቋቋምና ከመኪናው የብረት ዘንግ ጋር ቢጋጭ እንዲችል ተፈትኗል። «ኤም» የተባለው ለሞተር ነው፤ የእሳት ፈተና የለበትም። ስለዚህ አንዱን በሌላው መተካት ተገቢ አይደለም። የውድድር ቁር ምን ያህል እንደሚያድን በ2009 በሃንጋሪ ታይቷል፤ ከፊቱ ካለው መኪና የተፈናጠረ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ስፕሪንግ ፌሊፔ ማሳን ቁሩ ላይ መታው፤ ክፉኛ ቢጎዳም ተርፎ ወደ ውድድሩ ተመለሰ።

የብስክሌት ቁርም ለሞተር አይሆንም። በ2003 በፓሪስ–ኒስ ውድድር ያለ ቁር የወደቀው የካዛክስታኑ ኪቪሌቭ ከሞተ በኋላ ቁር ለብስክሌት ተወዳዳሪ ሁሉ ግዴታ ሆነ፤ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተወዳደረው ፅጋቡ ግርማይም በዚሁ ደንብ ነው የነዳው። ያ ቁር ግን ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ለሞተር ፍጥነት አልተመረመረም። የግንበኛ የፕላስቲክ ቆብማ ከላይ ለሚወርድ ድንጋይ እንጂ ለወደቀ ሰው የተሠራ አይደለም፤ ገና ከመሬት ሳይደርስ ይወልቃል።

ፊትን የሚከልለው መስተዋት ነጭ ቢሆን ይመረጣል። ጥቁሩ ቀን ያምራል፤ ማታ ግን ያሳውራል። በሐይቁ ዳር ማምሻውን የሚነሣው ትንኝ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ወንድም ጋሼ በመጨረሻ የገዛው ግራጫ፣ መልኩ ብዙም የማያምር፣ ፎሙ ሙሉ የሆነ ቁር ነው። ዋጋው ከቀዩ ጥቂት በለጠ፤ እናታችን ልዩነቱን ከራሷ ጨመረችለት። ከኋላ ለሚያፈናጥጠው ሰው ሁለተኛ ቁር ገና አልተገዛም፤ በዚህ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ክርክሩ አልበረደም።

አያያዙን በተመለከተ፣ ቁርን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ መወልወል ክልክል ነው። አንድ ጠብታ ቤንዚን በነጭ ፎም ላይ ቢያንጠባጥቡ ፎሙ እንደ በረዶ ሲሟሽሽ በዓይን ይታያል። ውኃና ሳሙና ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ማዋልም ያረጀዋል፤ ባይመታ እንኳ በአምስት ዓመት ገደማ እንዲለወጥ ይመከራል፤ የተሠራበት ቀን በውስጡ ተጽፎ ይገኛል። በአደጋ አንድ ጊዜ የተመታ ቁር ግን ቅርፊቱ ምንም ባይሆን ፎሙ ውስጥ ውስጡን ተጨፍልቋልና ሁለተኛ አያድንም። እንዲህ ያለውን መሸጥም ለሌላ መስጠትም አይገባም፤ ማንም አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጦ መጣል ነው።