በሲ ቋንቋ የአካባቢያዊ ተለዋዋጭ ወሰንና ዕድሜ

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ተለዋዋጭ በፋንክሽን ውስጥ ሲታወጅ ሁለት ጉዳዮች በአንድነት ይወሰናሉ። ስሙ በየትኛው የፕሮግራሙ ክፍል እንደሚታወቅ የሚወስነው «ወሰን» ሲባል፣ እሴቱ የተቀመጠበት የማኅደረ ትውስታ ቦታ እስከ መቼ እንደሚጸና የሚወስነው ደግሞ «ዕድሜ» ይባላል። ወሰን ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ይነበባል፤ ዕድሜ ግን በአፈጻጸም ጊዜ የሚለካ ነው። ሁለቱን አለመለየት ፕሮግራሙን ሳያስቆም ውጤቱን የሚያዛባ ስሕተት ያስከትላል፤ ለምርምር ሥራም ይህ ዓይነቱ ስሕተት ይበልጥ አደገኛ ነው።

በብሎክ፣ ማለትም በጥምዝ ቅንፎች መካከል፣ የታወጀ ስም ወሰን ከታወጀበት ነጥብ ጀምሮ ብሎኩን እስከሚዘጋው ቅንፍ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የአሜሪካ መደበኛ ደንብ በብሎኩ ውስጥ ዐዋጆች ሁሉ ከትእዛዛት እንዲቀድሙ ያስገድድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ግን ገደቡን በማንሣቱ ተለዋዋጭን በሚያስፈልግበት መሥመር፣ እንዲሁም በ«ፎር» ሉፕ ራስጌ ውስጥ ማወጅ ተፈቅዷል።

በውስጠኛ ብሎክ የታወጀ ስም ተመሳሳይ የሆነውን የውጪኛውን ስም ይሸፍናል። ለምሳሌ 12፣ 15 እና 18 የተባሉ ልኬቶችን የሚደምር ፋንክሽን «ድምር» የተባለውን ተለዋዋጭ ከሉፑ በፊት በ0 ያውጃል እንበል። በሉፑ ውስጥ የተለዋዋጩ ዓይነት በስሕተት ተደግሞ ቢጻፍና ስሙ በ0 ዳግም ቢታወጅ፣ በየዙሩ አዲስ ተለዋዋጭ ይፈጠራል፤ ልኬቱም የሚደመረው በእርሱ ላይ ነው። ሉፑ ሲያበቃ የውጪኛው ድምር 45 መሆን ሲገባው 0 ሆኖ ይገኛል። አጻጻፉ በቋንቋው ሕግ የተፈቀደ ነው። በጂሲሲ ኮምፓይለርም «ደብልዩ-ኦል» የተባለው አማራጭ ስለ መሸፈን አያስጠነቅቅም፤ «ደብልዩ-ሻዶው» ለብቻው መታዘዝ አለበት።

የዕድሜ ደንብ ከዚህ ይለያል። ተራ አካባቢያዊ ተለዋዋጭ የሚኖረው ብሎኩ እስኪጠናቀቅ ሲሆን፣ መነሻ እሴት ካልተሰጠው ይዘቱ አይታወቅም። «ስታቲክ» ተብሎ የታወጀው ግን ወሰኑ ያው ብሎክ ቢሆንም ዕድሜው የፕሮግራሙ ዕድሜ ነው፤ መነሻ እሴት ካልተሰጠው በ0 ይጀምራል። በ0 ጀምሮ በጥሪ ሁሉ 1 የሚጨምር ቆጣሪ ሦስት ጊዜ ቢጠራ፣ ተራው 1፣ 1፣ 1 ሲመልስ ስታቲኩ 1፣ 2፣ 3 ይመልሳል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በአድራሻ ላይ ነው። አንድ ፋንክሽን የአካባቢያዊ ድርድሩን አድራሻ ለጠሪው ቢመልስ፣ አድራሻው ከወሰኑ ቢወጣም ቦታው ግን ዕድሜው አብቅቷል። በዚያ አድራሻ መጠቀም በደንቡ ያልተበየነ ተግባር ነው፤ አንዳንዴ ትክክለኛ የሚመስል እሴት ይሰጥና ሌላ ፋንክሽን ሲጠራ ይለወጣል። ስለዚህ ድርድሩን ጠሪው ራሱ አዘጋጅቶ እንዲያስተላልፍ ማድረግ፣ ወይም ቦታውን በ«ማሎክ» ጠይቆ ሥራው ሲያበቃ በ«ፍሪ» መመለስ ይገባል። ስታቲክ ማድረግም ይቻላል፤ ሆኖም ሁሉም ጥሪዎች አንዱን ቦታ ስለሚጋሩ የኋለኛው ውጤት የፊተኛውን ይደመስሳል።

ስለሆነም የስሌት ፕሮግራም ሲመረመር ለእያንዳንዱ አካባቢያዊ ተለዋዋጭ ስሙ የት እንደሚታወቅና ቦታው እስከ መቼ እንደሚጸና ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተለዋዋጩን ከመጀመሪያ አገልግሎቱ አጠገብ፣ ከመነሻ እሴቱ ጋር ማወጅም የፊተኛውን ጥያቄ ያቀልላል።