ቁልቁለት ላይ ተሳቢውን ማን ይይዘዋል?

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በመንኮራኩር ጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ለመሻገር መንገድ ማስጠረግ ግድ ሆኖባቸው ነበር። ጉዞው ወራት ፈጀ። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙዎቻችን የምናስበው ዳገቱን ነው። ዳገት ላይ የደከመ ሰው ግን ጎማውን በድንጋይ ደግፎ ያርፋል፤ ቁልቁለት ላይ የሚሮጥን ጭነት ማን ይደግፈዋል?

ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። በመካነ ሰላም አካባቢ ያለውን የደንቆሮ ደን ለማጥናት የሚወጡ ተማሪዎች አሉ እንበል (ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ብዙ የሚያስተምር ደን ነው)። ማደሪያቸው ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ የጭነት ተሳቢ ናት፤ በላሜራ ተሸፍና፣ ፍራሽ ተነጥፎባት፣ የጀሪካንና የምድጃ ቦታ ተበጅቶላት ወደ መኝታ ቤት ተለውጣለች። ብየዳው ለባለሙያ ቀላል ነው። እኛን የሚያሳስበን ፊዚክሱ ነው።

እስቲ እናስላ። ተሳቢዋ ከነጭነቷ 500 ኪሎ ግራም ብትሆን፣ 1,000 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው የከፍታ ጉልበት 500 × 9.8 × 1,000፣ ማለትም 4.9 ሚሊዮን ጁል ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚያሻግረው መንገድ ዓባይ እስኪደርስ ከዚህ የበለጠ ይወርዳል። ይህ ጉልበት በ20 ዲግሪ ያለን 16 ሊትር ውሃ ያፈላል፤ ያውም መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ቆጥረን ነው። ጉልበት አይጠፋምና አንድ ቦታ ሙቀት መሆን አለበት። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ተሳቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ፍሬን የላቸውም፤ ሙቀቱ የሚያርፈው በመኪናው የፍሬን ሸራ ላይ ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ ሾፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይታዘዝም።

መፍትሔው ፍጥነት ላይ ነው። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ፣ ከተሳቢዋ ብቻ የሚመጣው ኃይል 3.3 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል። በ60 ስንጓዝ ምጣዱ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ወደ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ይገባል። ማርሽ አውጥቶ መውረድ ነዳጅ የሚቆጥብ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ ከዚህ የባሰ ቁጠባ አናውቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጭነት አቀማመጥ ነው። ከተሳቢዋ ክብደት አንድ አሥረኛው፣ በእኛ ምሳሌ 50 ኪሎ ግራም፣ በመኪናው ማያያዣ ላይ ማረፍ አለበት። አሁን 5 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከጎማዎቹ ዘንግ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ እንጫን። ማያያዣው ከዘንጉ 2 ሜትር ቢርቅ፣ 100 ኪሎ ግራሙ በማንሻ ሕግ መሠረት ማያያዣውን በ25 ኪሎ ግራም ያቀለዋል። ግማሹ ሄደ ማለት ነው! አፍንጫዋ የቀለለ ተሳቢ በፍጥነት ስትጎተት እንደ ፔንዱለም ግራና ቀኝ መወዛወዝ ትጀምራለች፤ የመኪናውንም ኋላ ይዛ ትዞራለች። ውሃው ከዘንጉ በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ይጫን።

ስንደርስ መጀመሪያ የጎማዎቹን እምብርት በጥንቃቄ በእጅ እንጠጋ። ከሌላው በግልጽ የጋለ ካለ ኩሽኔታው ግራሶ አልቆበታል ወይም ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ ተፈትቶ ሳይታይ ጉዞ አይቀጥልም። ጠጠር መንገድ ቡሎን ስለሚያላላ የጎማና የባሌስትራ ቡሎኖችም በየዕለቱ ይጥበቁ።

ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የከሰል ምድጃን ወደ ተሳቢዋ የማስገባት ፈተና ይመጣል። በላሜራ የታሸገች ትንሽ ክፍል ውስጥ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሽታና ቀለም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ኦክሲጅኑ ከመነሻውም አንሷል። ተሳቢዋ ስትሠራ በሁለት ትይዩ ጎኖቿ የማይዘጉ የአየር ቀዳዳዎች ይተዉ፤ ቀዳዳዎቹ ግን ከሰልን አያስፈቅዱም። ምድጃው ውጭ ያድራል፤ ለብርዱ ብርድ ልብስ ይደረባል።