አንድ ጆንያ ቡና በዩኒቨርሲቲ ምርመራ

ላኪው አንድ ጆንያ ቡና ሲቀርብለት የሚጠይቀው ክብደቱን፤ ደረጃውንና የዕለቱን ዋጋ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ግን በዚሁ ጆንያ ላይ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የየራሱን ጥያቄ ያነሣል። የምርመራውም ውጤት ውሎ ዐድሮ ከነጋዴው የሒሳብ መዝገብ መድረሱ አይቀርም።

የዘሩ ነገር ቢታይ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፤ ዐረቢካ የተባለው ቡና ከ600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሁለት ሌሎች ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው ያስገኙት መሆኑን ገልጿል። አንደኛው ወላጅ በገበያ ሮቡስታ የሚባለው ነው። ምንጩ ጠባብ ስለ ሆነ የዐረቢካ ዘር ልዩነቱ አነስተኛ ነው፤ በሽታንና ድርቅን የሚችል ዘር ከሚፈለግባቸው ስፍራዎችም ዋነኞቹ የኢትዮጵያ ደኖች ናቸው።

የዚህ ሀብት ዋጋ በ2004 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በግልጽ ታየ። የብራዚል ተመራማሪዎች፤ በ1960ዎቹ ዓመታት ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዘር የመጡትን ጨምሮ 3000 ያህል የቡና ዛፎች መርምረው፤ ካፌይን ከሞላ ጎደል የሌለባቸው ሦስት ዛፎች አገኙ፤ ሦስቱም የኢትዮጵያ ዘር ነበሩ። ካፌይን የማይስማማው ጠጪ የሚገዛው ቡና፤ ጥሬው ፍሬ በልዩ ፈሳሽ ወይም በውሃ እየተነከረ የሚዘጋጅ ነው፤ ይህም ወጪ ያስከትላል፤ ጣዕምንም ይነካል። ስለዚህ ወሬው በቡና ነጋዴዎች ዘንድ ብዙ አነጋገረ። በኢትዮጵያ ግን የተነሣው ጥያቄ «ዘሩ የማን ነው?» የሚል ነበር።

ይህ እንግዲህ የሕግ ምሁራን ፈንታ ነው። የብዝሃ ሕይወት ዓለም አቀፍ ስምምነት አገሮች በዘር ሀብታቸው ላይ ያላቸውን ሉዓላዊ መብት ያጸናው በ1992 ሲሆን፤ ዘሩ ከአገር የወጣው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነበር። በስም ረገድ ግን ነገሩ ቀና። ይርጋ ጨፌ፤ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ በ2005 የቀረበው ጥያቄ ተቃውሞ ቢገጥመውም፤ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ።

ሆኖም ስሙ በሕግ ቢጠበቅም ቡናው ከስፍራው ሊሸሽ ይችላል። በእንግሊዝ አገር የኪው የእጽዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በ2017 ባወጡት ጥናት፤ ተገቢው ርምጃ ካልተወሰደ፤ በዚያን ጊዜ ቡና ይበቅልበት ከነበረው የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በሙቀቱ ምክንያት ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ተክሉ ወደ ደጋው ከፍ ቢልና ደኑ ቢጠበቅ ግን የሚስማማው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ ይችላል። ደንበኛውን በአንድ አውራጃ ስም ብቻ ያሰረ ላኪ ይህን ካርታ ቢያገላብጥ አይከፋም።

ባለሱቁንና አስመጪውን ይበልጥ የሚነካው የኤኮኖሚው ክፍል ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ (አስቀድመው ሦስት መጽሔቶች አንቀበልም ብለው መልሰውት ነበር) በ2001 ለኖቤል ሽልማት አብቅቶታል። ምሳሌው አሮጌ አውቶሞቢል ነው፤ ገዢው ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ባለደኅናውም በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። የዘንድሮውን ቡና ከአምናው ጋር ቀላቅሎ በሚሸጥ ሱቅ አጠገብ፤ ንጹሑን የሚሸጠው ባለሱቅ የሚከስረው በዚሁ መንገድ ነው።