እንግዳ የሚቀበል የገበሬ መንደር፦ የእርሻ ቱሪዝም አጀማመር

የእርሻ ቱሪዝም የሚቆመው ሥራ ላይ ባለ እርሻ ነው። እንግዳ ከከተማ ወጥቶ ገጠር የሚገባው በሬ ሲጠመድ፣ ጤፍ ሲታጨድ፣ ማር ሲቆረጥ ለማየት፣ ከተቻለም እጁን ለማስገባት ነው። ስለዚህ መንደሩ ምን ልገንባ ከማለቱ በፊት ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሚሠራ መዝግቦ መነሣት ይኖርበታል። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣችው የእርሻ ቱሪዝም ሕግ ያስቀመጠው መሠረታዊ ሁኔታም ይኸው ነው፤ ግብርናው ዋና፣ እንግዳ መቀበሉ ደግሞ ተጓዳኝ ሥራ ሆኖ መቀጠል አለበት። ለኢትዮጵያ የገበሬ መንደርም ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ሥራውን በወር በወሩ መጻፍ

መጀመሪያ የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለውን ሥራ በየወሩ ይዘረዝራሉ። በስብሰባው ላይ ሴቶች የግድ መኖር አለባቸው። ወንዶች ብቻ የጻፉት መዝገብ እርሻውንና ከብቱን ይዞ የጠላ ጥንሰሳውን፣ ፈትሉን፣ ስፌቱንና ጋገራውን ይዘላል፤ እንግዳ ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፈው ግን እዚያ ነው።

በጤፍ አገር መዝገቡ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ሰኔና ሐምሌ እርሻና ዘር፣ ነሐሴና መስከረም አረም፣ ኅዳር አጨዳ፣ ታኅሣሥና ጥር ውቂያ። የመስከረም አበባ ካለፈ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። በጌዴኦ የቡና አገር ደግሞ ቀይ ቡና መለቀም የሚጀምረው ጥቅምት ገደማ ነው።

ይህ መዝገብ ከእንግዳ መምጫ ወቅት ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። የውጭ አገር ጎብኚ በብዛት የሚገባው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ነው። ለገና ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን የገጠር ኑሮ ለማሳየት የሚመቻቸው ያኔ ነው። ይህ የወቅት መገጣጠም ለመንደሩ መልካምም አስቸጋሪም ነው። አውድማ ላይ በሬ ሲዞር፣ ጭዱ በመንሽ ሲበተን፣ ፍሬው በላይዳ ወደ ነፋስ ሲወረወር የሚታየው በዚያ ወቅት ነው። ገበሬው ለእንግዳ የሚያውለው ትርፍ እጅ የሚያጣውም በዚያው ወቅት ነው፤ ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብ ሳይደርስበት እህሉ ጎተራ መግባት አለበት።

መፍትሔው በወንፈል ልማድ ውስጥ ይገኛል። በተራው እንግዳ የሚቀበለው ቤት ማሳ በዚያ ቀን በሌሎቹ የወንፈል አባላት ይታጨዳል፤ እሱም በሌላው ተራ ጉልበቱን ይመልሳል። ይህ ስምምነት የመጀመሪያው እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ካልተደረገ ወይ እህሉ ወይ እንግዳው ይጎዳል።

ማኅበር ማቋቋምና ደንብ መጻፍ

አንድ ገበሬ ብቻውን እንግዳ መቀበል ይችላል፤ መንደሩን ሁሉ እያስጎበኘ ገንዘቡን ብቻውን ሲይዝ ግን ቅሬታ አይቀሬ ነው። እንግዳው የሚሄድበት መንገድ፣ የሚያየው ማሳ፣ የሚጠጣው የምንጭ ውሃ የሁሉም ነውና። እድርን የሚያስተዳድር መንደር ዳኛ መምረጥ፣ ጸሐፊ መሰየም፣ ገንዘብ ያዥን መቆጣጠር ያውቃል፤ የቱሪዝም ማኅበሩም ከዚህ ልምድ ቢነሣ ከውጭ ከሚመጣ አደረጃጀት ይልቅ ይጸናል። ሕጋዊ ሰውነት ለማግኘት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት እንደ ኅብረት ሥራ ማኅበር መመዝገብ ይቻላል። ምዝገባው በወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በኩል ይፈጸማል፤ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱም ከመነሻው እንዲያውቀው ያስፈልጋል። ማረፊያው የሚሠራበት መሬት የማን ይዞታ እንደሆነ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። በጋራ ግጦሽ ላይ መሥራት ግን ከብት ያለውን ሁሉ ማስቀየም ስለሆነ ባይሞከር ይመረጣል።

በደንቡ ውስጥ ከሁሉ በፊት መጻፍ ያለበት ተራ ነው። በወንጪ ሐይቅ ዙሪያ ነዋሪዎች ተደራጅተው ፈረስና ጀልባ በተራ ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ወንጪም እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ተመርጧል። ተራ ከሌለ እንግዳው ገና ከመኪና ሳይወርድ አሥር ሰው ይከበዋል፤ ጠበኛው ያገኛል፣ ትሑቱ ይቀራል። ከተራው ቀጥሎ ስለ ሕፃናት ይጻፋል። ለሕፃናት ብር፣ ከረሜላም ሆነ እስክሪብቶ በእጅ መስጠት መከልከል አለበት። መርዳት የሚፈልግ እንግዳ በትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በኩል ይሰጣል። ከትምህርት ይልቅ እንግዳ መጠበቅ የሚያዋጣው ልጅ የተፈጠረበት መንደር ከቱሪዝሙ ያጣው ካገኘው ይበልጣል። ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ቅጥር የሚገባ ሰውም አለባበሱንና ጫማ ማውለቁን ቀድሞ ይነገረዋል።

ከቤቱ በፊት ውሃና መጸዳጃ

ብዙ መንደሮች ጥሪታቸውን መጀመሪያ ያማረ ጎጆ ላይ ያፈሳሉ፤ መጸዳጃው ለኋላ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጸዳጃው ከምንጭም ሆነ ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውሃው በታች ባለው ተዳፋት በኩል ይቆፈራል። መዝጊያው ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ጣሪያው የማያፈስ ይሁን። አመድ የያዘ ዕቃና ማንሻ ቢቀመጥ ሽታውንም ዝንቡንም ይቀንሳል። የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ከነሳሙናው በሩ ላይ ይንጠለጠላል።

የመጠጥ ውሃ በሚገባ መፍላት አለበት። በደጋ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆያል፤ ከዚያ በታች ባለው አገር 1 ደቂቃ ይበቃል። የፈላው ውሃ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጣል፤ ኩባያ እየነከሩ መቅዳት ግን ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ማረፊያው

አዲስ ቤት ከመሥራት ያለውን ማደስ ይሻላል። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ፣ መንደርተኛው ራሱ የሚያስተዳድራቸው ማረፊያዎች የተሠሩት በአካባቢው ድንጋይና ሣር፣ በአካባቢው ቤት አምሳል ነው። እንግዳው ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙ በአህያ ይጫንለታል። በጋሞ ደጋ የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጎንጉኖ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ ይከደናል፤ ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከታች ተቆርጦ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። አርባ ምንጭ ድረስ የመጣ ሰው ቤቱን ለማየት ብቻ ወደ ዶርዜ ይወጣል። በእንዲህ ያለ መንደር የብሎኬት ክፍል መሥራት የራስን ሀብት ማጥፋት ነው።

ከውስጥ ሲታይ ግን ልማዱን እንዳለ መተው አይበቃም። እንግዳን ዳግም እንዳይመጣ የሚያደርገው ከሁሉ በላይ ቁንጫ ነው። በግና ፍየል፣ ውሻም ቢሆን፣ እንግዳ በሚያድርበት ቤት ማደር የለባቸውም። ወለሉ በጭቃና በእበት በሚገባ ተለቅልቆ ስንጥቁ ይደፈናል። መኝታው ከመሬት ከፍ ያለ የጠፍር ወይም የእንጨት አልጋ ይሁን። ፍራሹና ብርድ ልብሱ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ አንሶላው ከእያንዳንዱ እንግዳ በኋላ ይታጠባል። በደጋ ሌሊት ብርዱ ስለሚበረታ ለአንድ ሰው ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይዘጋጃል። ማታ መብራት የሚሰጥ ትንሽ የፀሐይ ኃይል ፋኖስ ቢኖር ከጭስ ያድናል። ማድ ቤቱ ከመኝታው ተለይቶ ጢስ ማውጫ ይበጅለታል፤ ይህ ደግሞ ከእንግዳው ይልቅ ምድጃ ሥር ለምትውለው እናት ይጠቅማል።

ገበታው

ለምግብ ከከተማ ማካሮኒና ሳርዲን መግዛት አያስፈልግም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ እንቁላልና ማር ከመንደሩ ሳይወጡ ይገኛሉ። የጾም ምግብ ሥጋ ለማይበሉ ጎብኚዎች የተመቸ መሆኑ ለአገሪቱ ትልቅ ዕድል ነው፤ እንዲያውም ብዙዎቹ የሚመርጡት እሱን ነው። በርበሬው ለብቻው ቀርቦ አልጫው ቢበዛ ይመረጣል። ጥሬ ሰላጣና ያልፈላ ወተት አይቀርብም። ከገበታው በኋላ ቡና ተቆልቶ አቦል፣ ቶናና በረካ ሲጠጣ ጨዋታ ይጀመራል፤ አስተርጓሚ ካለ የቀኑ ምርጥ ሰዓት ይህ ይሆናል።

የእንግዳው ቀን

ለእንግዳ የሚታየው ሥራ ለታይታ የተሠራ መሆን የለበትም። ያንን እንግዳ ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል። ውቂያ ላይ የደረሰ ጎብኚ አስቀድሞ ነጠላ ወይም ሻሽ አፍንጫውና አፉ ላይ እንዲያስር ይደረጋል፤ ገለባው ዓይን ውስጥ ይገባልና ከነፋሱ መነሻ በኩል ይቆማል። መንሽ ሲሰጠው ከወገቡ ከፍ አድርጎ ሳይሆን በትንሹ እያነሣ እንዲበትን ባለቤቱ አብሮት ይሠራል። ከበሬዎቹ ኋላና ከቀንዳቸው አጠገብ ልጅ አይቆምም። ጎብኚው ሥራው ሲያደክመው ጥላ ሥር ጠላና ቆሎ ቀርቦ ያርፋል። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይጠበቅም።

አንዳንድ ሥራ ግን በአንድ ቀን አያልቅም። የዶርዜ ሴቶች እንሰትን ሲያሳዩ ደረጃዎቹን ጎን ለጎን ያቀርባሉ። በአንድ በኩል ግንዱ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ሲፋቅ ይታያል፤ በሌላ በኩል በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ የከረመው ይከፈታል፤ ከዚያ የተብላላው ተከትፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ በምጣድ ይጋገርና እንግዳው በማርና በዳጣ ይቀምሰዋል። ወራት የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለ ሐሰት ይታያል። ይህ ብልሃት ለጠላም ይሠራል፤ ጥንስሱ በአንድ ጋን፣ ድፍድፉ በሌላ፣ የደረሰው በሦስተኛው ይቀመጥ። ለሽመናም ፈትሉ፣ ድሩና ያለቀው ጋቢ አብረው ይታዩ። ግዢ የሚኖረውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ሲፈተል ያየውን ጥጥ ልብስ ሆኖ ሲያገኘው ዋጋ የሚከራከር ሰው ጥቂት ነው።

አስጎብኚው የመንደሩ ልጅ ይሁን። ቋንቋው ፍጹም ባይሆንም የአዝርዕቱን፣ የዛፉንና የወፉን ስም ማወቁ ይበልጣል። የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ሣጥንና በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ስልክ ከእሱ አይለዩም።

ዋጋና ክፍፍል

ዋጋ ከጎረቤት መንደር አይቀዳም። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ማገዶው፣ ሳሙናው፣ እንጀራ የጋገረችው ሰው ቀን፣ የበሬው ባለቤት ያጣው ሰዓት ተቆጥሮ ወጪው ይታወቃል፤ ለፍራሽና ለጣሪያ ጥገና ይጨመርበታል፤ ትርፉ ከዚያ በላይ ነው። ዋጋው ተጽፎ በር ላይ ይለጠፋል፣ ለሁሉም እንግዳ አንድ ይሆናል።

ክፍፍሉን መንደሩ ራሱ ይወስናል። ለምሳሌ ከ100 ብር 50ው ለአስተናጋጁ ቤት፣ 15ቱ ለአስጎብኚው፣ 15ቱ ለጥገና፣ 20ው ለጋራ ሣጥን ሊሆን ይችላል። የጋራ ሣጥኑ እንግዳ ወደማይገባባቸው ቤቶችም መድረስ አለበት፤ ምንጭ ማጎልበቻ ወይም የትምህርት ቤት ወንበር ሲገዛበት ሁሉም ያየዋል። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በባንክ ወይም በቴሌብር ቢገባና ሂሳቡ በየወሩ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ሐሜት ቦታ ያጣል።

እንግዳ ማግኘት

መንደሩ ማስታወቂያ ከማሠራቱ በፊት ለሙከራ በአቅራቢያው ካለ ከተማ መምህራንን፣ የጤና ባለሙያዎችንና የሆቴል ሠራተኞችን በቅናሽ ጋብዞ ማሳደር አለበት። ጉድለቱን በአማርኛ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ በላሊበላ፣ በባሕር ዳር ወይም በአርባ ምንጭ ካሉ አስጎብኚ ድርጅቶች ጋር በጽሑፍ ይዋዋላል። በውሉ ውስጥ ቀደም ብሎ ማሳወቅ፣ የሰው ብዛት ወሰንና የመሰረዣ ክፍያ ይኑር። አንድ የስልክ ቁጥር፣ በካርታ ላይ ትክክለኛ ቦታና ጥቂት እውነተኛ ፎቶዎች ይበቃሉ። ያማረ ፎቶ ለጥፎ ያልተጠበቀ ነገር ማሳየት አንድ ጊዜ ብቻ ያዋጣል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና፣ ከዚያም በሰሜኑ ጦርነት የእንግዳው መንገድ በተዘጋ ጊዜ ላሊበላን የመሰለ ስመ ጥር ከተማ እንኳ ጎብኚ አጥቶ ነበር። እንግዳ ባልመጣበት ዓመትም ማሳው መታረስ፣ ከብቱ መጋጥ፣ ቀፎው መሰቀል አለበት። የመጀመሪያው ወቅት ሲያልቅ ማኅበሩ ሁለት መዝገብ ይዞ ይቀመጥ፤ አንዱ ከእንግዳ የገባው ብር፣ ሌላው ከማሳ የገባው ኩንታል። ዝናቡ ደህና ሆኖ ሳለ ኩንታሉ ከቀነሰ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀበሉትን እንግዳ ቁጥር ይቀንሱ።