ምድጃው «ጋልኩ» ሲል

አንዳንድ የኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ሲበላሽ በትንሿ መስኮቱ ፊደልና ቁጥር ያሳያል። ትርጉሙ እንደየፋብሪካው ስለሚለያይ አብሮት የመጣውን መጽሐፍ ማየት ነው። ምልክቱን በወረቀት ጻፉት፤ ጭስ ካለ ግን ይቅር። ኤሌክትሪኩንም ከቆጣሪው ዘንድ አጥፉ።

«ከልክ በላይ ጋለ» የሚል ምልክት ከሆነስ? እውነት ግሎ ነበር ወይ? ዳቦው አርሮ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው ክፍል ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎ ይሆናል። ገና ሳይሞቅ «ጋልኩ» ካለ ግን ብዙ ጊዜ የሚዋሸው ሙቀት ለኪው ነው።

ሙቀት ለኪው በምድጃው ውስጥ ያለች ቀጭን ዘንግ ናት። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታዋ ይቀንሳል። ሽቦዋ ከተበጠሰ ጨርሶ አታሳልፍም፤ አንዳንድ ምድጃም ይህን እንደ ታላቅ ሙቀት ይቆጥረዋል። ጤነኛዋ ዘንግ በብዙ ምድጃ ላይ ሳትሞቅ ብትለካ 1,080 ኦም ያህል ታሳያለች። ስለዚህ ጠጋኙ «ውስጡ ሁሉ ይቀየር» ካላችሁ፣ መጀመሪያ ዘንጓን ይለካ።